በመዝሙር የተለካ መንገድ

ኤርጎጌ መንገድ የምትለካው በመዝሙር ነው። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ካለው ቤታችን እስከ ጄፒ ገበያ ስድስት መዝሙር፣ እስከ ልጇ ትምህርት ቤት ሁለት፣ ቤዝ ቫሊ እስካሉት ደንበኞቿ ደግሞ አራት ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት «ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ሰዓት ለማየት ስልኩን መንገድ ላይ የሚያወጣ ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ስልኩን ግን ወደ ኪሱ አይመልሰውም» አለችኝ። መዝሙር ከአፏ ነጥቆ የሚሮጥ የለም።

እኔና ባለቤቴ የአለምወርቅ ከግቢያችን ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እናከራይ ነበር። ኤርጎጌ ወደ እኛ የመጣችው ከወረርሽኙ አምስት ዓመት ቀደም ብላ፣ አንድ ሻንጣና የአራት ዓመቷን ፊቤን ይዛ ነው። ከዚያ በፊት አሌክሳንድራ ውስጥ ከባሏ ከማናሴ ጋር ትንሽ ሱቅ ነበራት። አንድ ቀን በውጭ አገር ሰዎች ላይ ረብሻ ተነሳና ሱቁ ተዘረፈ፣ ማናሴ ሞተ፣ እሷም ግራ ዓይኗን አጣች። ይህን አንድ ጊዜ ነግራናለች፤ ደግማ አላነሳችውም። ቀኝ ዓይኗም ደካማ ስለሆነ ሐኪሙ የመኪና መሪ እንዳትይዝ አስጠንቅቋታል።

ሥራዋ አንሶላና የአልጋ ልብስ ከጄፒ እያመጡ በየቤቱ እየዞሩ መሸጥ ነው። አዲስ ሰፈር ልትጀምር ስትል መጀመሪያ ባዶ እጇን ትሄድበታለች። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ ጥላ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ስንት መዝሙር እንደሚፈጅ አይታ ትመለሳለች። «ዕቃ ተሸክሜ መንገድ አልማርም» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ በሽታው ከተማውን ሲያጥለቀልቀው የአለምወርቅ ሞተች። በባኪዬ፣ ማለት ከኋላዋ ክፍት በሆነችው የጭነት መኪናዬ፣ ወደ ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። በሩ ላይ እሷን ተቀበሉ፤ እኔን አላስገቡኝም። ተመልሼ ባኪዋን ግቢ ውስጥ አቁሜ በሸራ ሸፈንኳት።

ከአርባው በኋላ ኤርጎጌ በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ዱቄትዎ አልቋል። ጄፒ እንሂድ።»

«በምን?»

«እግር የለዎትም እንዴ?»

አብሬያት ወጣሁ። ጭንብሏን እንዳደረገች ቀስ ብላ ትዘምራለች፣ እኔ ከጎኗ ዝም ብዬ እራመዳለሁ። አንድ ቀን «ጋሼም በራስዎ ዜማ ይለኩ እንጂ» አለችኝ። እኔ የኦርቶዶክስ ሰው ነኝ። «በእኛ ዜማ ከሆነማ አንዱ ሳያልቅ ፕሪቶሪያ እንደርሳለን» ብዬ መለስኩላት። የአለምወርቅ ከሞተች ወዲህ ስቀልድ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዘንድሮ በየካቲት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ተደወለላት። ዓይኗንና ማናሴን ጠቅሳ ወደ ሌላ አገር ለመዛወር ያስገባችው ማመልከቻ ዓመታት ቆይቶ፣ በወረርሽኙም በረራ ሲቆም አብሮ ቆሞ፣ አሁን ተፈቅዶላታል። አሜሪካ ውስጥ ሱ ፎልስ የምትባል ከተማ ትሄዳለች። ትልቅም ትንሽም ያልሆነች፣ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአክስቷ ልጅ አምሃ እዚያ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል። እስከ ሰኞ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። እምቢ ካለች የጤና ምርመራው ጊዜ ያልፍበታል፣ ፋይሉም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

እልል ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች።

በማግስቱ ጄፒ ስንሄድ መጋረጃ የምትሸጠው በለጥሽ ወሬውን ከእኛ ቀድማ ሰምታዋለች።

«አሜሪካ ያለ መኪና? እህቴ፣ እዚያ እኮ ውሻ እንኳ ሽርሽር የሚወጣው በመኪና ነው!»

«ራሱ ነው የሚነዳው?» አለቻት ኤርጎጌ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መዝሙር አልነበረም። ትሮይቪል ዳገት ላይ ስንደርስ ቆም አለችና «ጋሼ፣ እውነቷን ነው» አለችኝ። «አምሃም ራሱ ነግሮኛል። ያለ መኪና እግር እንደሌለው ሰው ነሽ ብሎኛል። ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ዳቦ ልገዛ የሰው መኪና ልጠብቅ? ልጄ ሲያማት ማን ይወስደን ይሆን እያልኩ በር በር ልይ? እዚህ ድሃ ነኝ። ግን ስወጣ ማንንም አላስፈቅድም።»

«ፊቤስ?»

«እሱ ነው እኮ። ፊቤ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የመኖሪያ ወረቀት አምጪ ትባላለች። እንድትማርልኝ እፈልጋለሁ። ግን እናቷ የሰው ሸክም ሆና ካየች ምን ትማራለች?»

ዱቄቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወርኩ።

«እዚያ ባዶ እጅሽን ሄደሽ አላየሽውም» አልኳት መጨረሻ ላይ። ለነገሩ ያህል ነበር ያልኩት። እሷ ግን ልትራመድ ስትል ቆመች።

«አምሃ እግር አለው አይደል?»

ቅዳሜ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚያ ጠዋት ሲሆን፣ መብራት ስለጠፋ ሦስታችንም ግቢው ደረጃ ላይ፣ የተሸፈነችው ባኪ አጠገብ ተቀመጥን። ፊቤ ስልኩን ይዛለች። አሁን አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አምሃ በቪዲዮ ብቅ አለ፤ ገና ከአልጋ መነሳቱ ነው። እሱና ኤርጎጌ ለእኔ ብለው በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲበሽቁ ብቻ ወደ ሀዲይኛ ይገባሉ።

«ከቤትህ እስከ ሱቅ ምን ያህል ነው?»

«አምስት ደቂቃ።»

«በእግር?»

«ማን በእግር ይሄዳል እቴ? በመኪና ነው።»

«እኔ እግርህን ነው የጠየቅኩህ።»

«አላውቅማ። ስድስት ዓመት ኖሬ በእግሬ ሄጄበት አላውቅም።»

«ተነሳ እንግዲህ። ጫማህን አድርግ።»

«አሁን? ከዜሮ በታች አስራ ሁለት ነው!»

«እኔ ስመጣ ብርዱ ሊቀርልኝ ነው?»

እዚህ ላይ ወደ ሀዲይኛ ገቡ። ሲወጡ አምሃ ካፖርቱን እየቆለፈ ነበር።

በሩን ከፍቶ እንደወጣ ኤርጎጌ መዝሙሯን ጀመረች። አንዱ ባለቀ ቁጥር አንድ ጣቷን ታጥፋለች። በስልኩ የሚታየው ነጭ መሬትና የአምሃ ትንፋሽ ጭስ ነው። ሁለተኛዋን ጣት እንዳጠፈች አምሃ ጮኸ።

«ጌታ ሆይ! እዚህ ምሰሶ አለ። የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው! በየቀኑ በአጠገቡ ነው የማልፈው፣ አይቼው አላውቅም።»

«ሁለት መዝሙር» አለች ኤርጎጌ። «ምልክቱስ?»

«የምን ምልክት?»

«ለማስቆም በጣትህ ምን ታሳያለህ?»

እዚህ ጆሃንስበርግ ታክሲ የምናስቆመው በጣት ነው። ጣት ወደ ሰማይ ከተቀሰረ መሃል ከተማ ማለት ነው፤ ሌላው ሰፈርም የራሱ ምልክት አለው። አምሃ ግን በዚህ ከተማ ኖሮ አያውቅም።

«ምንም አላሳይም። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

«ዝም ብለህ ከቆምክ የት እንደምትሄድ ሾፌሩ በምን ያውቃል?»

«የምናገረው እኔ አይደለሁም፣ አውቶቡሱ ነው! ቁጥር አለው እኮ!»

ፊቤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አምሃ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ጀመረ። ሱቁም፣ የጤና ጣቢያውም፣ መሃል ከተማውም በመስመሩ ላይ ናቸው። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ።

«እሁድ ግን አይሠራም ይላል።»

ኤርጎጌ የታጠፉትን ጣቶቿን አየች። ማናሴ የሞተበት ሳምንት እንኳ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም።

«ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ሩቅ ነው። እሁድ እኔ አደርስሻለሁ፣ ምን ችግር አለው?»

«ሥራ ስትገባስ? መኪናህ ሲበላሽስ? ስትቆጣኝስ?»

«መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«አሁን ተቆጥተሃል።»

«በርዶኝ ነው!»

«እንግዲያው ሂድ፣ ስትሄድ ይሞቅሃል።»

ሄደ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ቆመ። የእግረኛው መንገድ በበረዶ ተሸፍኗል፣ በጎኑ መኪኖች ያልፋሉ።

«ይብቃሽ እቴ። አየሽ አይደል? እዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም።»

ኤርጎጌ ከፊቤ እጅ ስልኩን ወስዳ ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ስልኩን ወደ መሬት አድርገው። እነዚህ ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?»

አምሃ ጎንበስ አለ።

«ዱካ ነው።»

«የውሻ?»

«የሰው ነው። የትልቅ ሰው። አጠገቡ ደግሞ ትንሽ አለ... የልጅ ነው።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ፊት ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው እሱን ረግጠህ ሂድ።»

አምሃ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። በዱካው ላይ እየረገጠ ሲሄድ የበረዶው ድምፅ እኛ ዘንድ ይሰማ ነበር። ስምንተኛው መዝሙር ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ሴት ሕፃን ልጅ በእጇ ይዛ፣ በሌላ እጇ የአትክልት ከረጢት አንጠልጥላ ከፊቱ ስትሄድ ደረሰባት። ምን እንዳላት አልሰማንም፤ ብቻ ዘወር ብላ ስልኩን አየችና ወፍራም ጓንት ያደረገ እጇን አነሳችልን። ኤርጎጌም እጇን አነሳች።

«የኔፓል ሰው ናት» አለ አምሃ ሲመለስ። «እዚህ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። መኪና የላትም።»

ዘጠነኛው መዝሙር ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የተዘጋ በር በመዳፉ መታ። «ደረስኩ! ጻፊ፣ ዘጠኝ! ጆሮዬን ግን አላገኘሁትም!»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኤርጎጌ ልብስ ከገመድ ላይ አወረደች፣ አጣጠፈች። ወደ ክፍሏ ስትገባ ብቻ «ሰው ይሄድበታል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ሰኞ እሺ አለች። በስልክ ያነጋገረቻት የቢሮው ሴት የምትጠይቂው ነገር አለ ወይ ስትላት፣ «ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ከሁለት መዝሙር እንዳይርቅ» አለቻት። ፊቤ ስልኩን ተቀብላ ወደ ደቂቃ ተረጎመችው።

የመሄጃቸው ቀን ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ተጓዦችን ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው አውቶቡስ የሚያነሳቸው ከእኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። እስከዚያ እኔ እንደማደርሳቸው ቃል ገብቼ ነበር። ያን ጠዋት ሸራውን ከባኪዋ ላይ ገፈፍኩት፤ በውስጧ የአለምወርቅ ሻርፕ ነበር፣ እሱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ምንም የለም። እንደገና አዞርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አላስነሳኋትም።

«ባትሪዋ ሞቷል» አልኩ። አፍሬ ነበር።

ኤርጎጌ ትልቁን ሻንጣ አነሳች። «የእርስዎ እግር ባትሪ አለው?»

እኔ አንዱን ያዝኩ፣ ፊቤ ትንሹን ጎተተች። ሦስት መዝሙር ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ የሰፈሩ ሰው በየበሩ ሆኖ «ሃምባ ካህሌ!» ይላቸዋል፤ በሰላም ሂዱ ማለት ነው። ኤርጎጌ አንሶላ በዱቤ ያልከለከለቻቸው ጎጎዎች፣ አሮጊቶቹ፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሦስተኛው መዝሙር መሃል ላይ ፊቤ ቆማ አፈጠጠችብኝ።

«እማ፣ ስሚ! ጋሼ ጴንጤ ሆኑ!»

ለካ አዝማቹን ሳላውቀው አብሬያቸው እያንጎራጎርኩ ነበር። «ለመለካት ነው» አልኳት።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ኤርጎጌ በሁለት እጇ እጄን ያዘች። ብዙ መናገር የምችል ሰው አይደለሁም። እሷም ይህን ታውቃለች። «ጄፒን እንዳይተዉት» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይሂዱ።»

እሄዳለሁ። ለባኪዋም ባትሪ ገዝቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት አስነስቼ ጥቂት አሠራታለሁ። በለጥሽ በሄድኩ ቁጥር «ሴትዮዋ ውሻውን አገኘችው ወይ?» ትለኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ማታ፣ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ነፋስና የመኪና ድምፅ ይሰማል፣ ከኋላ ደግሞ የአምሃ ማለክለክ።

«ጋሼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ አምሃ ቤት እየተመለስን ነው። በረዶው ቀልጧል፣ ሣር ሆኗል። አምሃ መኪናውን ቤት አቁሞ በእግሩ አብሮን መጣ፤ ጎረቤቶቹ መኪናህ ተበላሸ ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ያቺን ሴትዮ ደግሞ አገኘኋት፣ ጓንት የላትም አሁን፣ ግን በልጇ አወቅኳት። እና ጋሼ፣ ዘጠኝ አይደለም። ያን ጊዜ አምሃ እየተንቀጠቀጠ ስለሄደ ነው። ሰባት ነው።»

ከዚያ የፊቤ ድምፅ ከሩቅ ገባበት።

«ስምንት ነው! ጋሼ፣ አትመኗት! አንዱን አዝማች ዘላለች!»