የወንድሜ ላፕቶፕ

ታላቅ ወንድሜ በሞተ በሁለተኛው ወር ሚስቱ ላፕቶፑን ይዛ ጋምቤላ መሃል ከተማ ወዳለው የጥገና ሱቄ መጣች። አልከፈት ብሏት ነበር።

«ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ እንደ አዲስ ስጭንበት ሁሉም ይጠፋል። ቀድሜ ፎቶዎቹን ላውጣልሽ?» አልኳት።

«አይቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ለሥራ ብቻ አዘጋጅልኝ።»

በራሴ ኮምፒውተር አዲሱን ሲስተም የሚጭን ቡተብል ፍላሽ አዘጋጅቼ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ያለው በሙሉ እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መጣ፤ እሺ የሚለውን ተጫንኩ። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። እሷም የቬንቲሌተሩን ንፋስ ወደ ፊቷ አዙራ ተቀምጣለች።

ጭኖ ሲጨርስ የተጠቃሚ ስም ጠየቀ።

«የማንን ልጻፍ?» አልኳት።

ወደ ራሷ ሳበችውና የራሷን ስም በአንድ ጣት ጻፈች። ከዚያ ላፕቶፑን አቅፋ ባጃጅ ተሳፈረች። እኔም የሌላ ደንበኛ ኮምፒውተር መፍታት ጀመርኩ።