ሲስተር ቶሎ ቶሎ እና ስም የሌለው መዝገብ

ሲስተር መሮጥ እንጂ መራመድ አታውቅም ነበር። በሚሲዮኑ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ስትመጣ፣ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ እግሩን ይሰበስባል። ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» ብሎ ስም አወጣላት። ዘበኛችን በር በከፈተላት ቁጥር «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ!» ይላታል። ተረቱ እስኪገባት ሁለት ዓመት ፈጀባት። የገባት ቀን ከመንገድ ተመልሳ፣ «የኔ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው። ና ግፋው!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆኑ።

ከባሕር ማዶ የመጣችው በሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ነርስ ነበረች፤ ሚሲዮናዊትም ነበረች፤ ስትሰብክ ግን ብዙ አልሰማኋትም። እኔ ደግሞ የክሊኒኩ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ጓሮ ባለው ክፍል፣ በሁለት የሲሚንቶ ገንዳና በአንድ የፈላ ውሃ በርሜል አሥራ አምስት ዓመት አብሬያት ሠራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ አንሶላ ሳጥፍ እሷ ለወንድሟ ደብዳቤ ትጽፋለች። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍምና በየመሐሉ ብዕሯን አስቀምጣ ጫፉን ትይዝልኛለች። የጻፈችውንም በኛ ቋንቋ ትነግረኛለች።

«እዚህ አገር ሰው እግሩ ተሰብሮም ‹ደህና ነኝ› ይላል» ብላ ጽፋ ነበር አንዴ። «ስለዚህ ደህና ነኝ ያለኝን ሁሉ ገልጬ አያለሁ።»

«እኛን ለአገርሽ ሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው?» አልኳት።

«ስለ ራሴም ጽፌአለሁ። ‹በገበያ ሳልፍ ሁሉም ያየኛል። ስታመም ግን ያወቀችው አጣቢዋ ብቻ ናት፤ ከትራስ ልብሴ ነው ያወቀችው።›»

እውነት ነው። የሰው ላብ ይናገራል።

በመጨረሻው ዓመት ደብዳቤዋ ተለወጠ። «ዳቦ ቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ሰው ጮክ ብሎ የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ሆኗል» እያለች ትጽፍ ጀመር። ወንድሟ «አገሩ ሳይቃጠል ነዪ» ብሎ መለሰላት። እሷም ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ፋሻ ልትቀቅል ሄደች።

አንድ ማክሰኞ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው። አሥራ አንድ ቁስለኛ በትከሻም በተነቀለ በርም ላይ ተጭኖ መጣልን። በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ጦር አዛዥ ዘንድ ወረቀት ደረሰ፦ በጥይት የቆሰለ ሁሉ ስሙ ከነአባቱ ተመዝግቦ ይቅረብ። ስም ከተገኘ ቤት ይገኛል፤ ቤት ከተገኘ ወንድምና ጓደኛም ይለቀማል። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

«ሐሰት አልጽፍም» አለች ሲስተር። ላለመዋሸት ምላ ነው ወደዚህ ሥራ የገባችው። «እውነቱንም አልሰጥም።»

«ታዲያ ሦስተኛ ምን አለ?» አላት ዘበኛው።

ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ የቁስለኞቹን ሸሚዝ ገመድ ላይ እየሰቀልኩ ነበር። እያንዳንዱ ኮሌታ ላይ ክር አይታ፣ «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ቀይ ቋጠሮ የጥግ አልጋው ልጅ ነው። ሦስት ሰማያዊ በር ሥር ያለው። ፊደል ለማያውቅ ሰው እንግዲህ ክር ነው ፊደሉ። የሰው ልብስ አሳስቼ አላውቅም።»

ቀጥ ብላ ቆመች። ስትቆም ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የነዚህን ልጆች ስም ገና አልጠየቅኩም። ደም ሳቆም ነበር» አለች። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ሲያጣጥሩ እናታቸውን ሲጠሩ የሰማሁ፣ ስማቸውን አልጠይቅም?»

«እንዳትነግሪኝ! ካወቅኩ፣ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ።»

ክሩን ከየኮሌታው ወደ የእጃቸው አዛወርን። አዲስ መዝገብ ከፍታ «ሁለት ቀይ፦ ግራ ክንድ፤ ፋሻ ተቀየረ» እያለች መጻፍ ጀመረች። ሦስት ሰማያዊ ወሬኛ ስለነበር፣ «ሲስተር፣ እኔ እኮ የነእገሌ ልጅ...» ሲላት ሁለት ጆሮዋን ደፍና ሮጠች። አልጋ የያዘው ሁሉ ቁስሉን ይዞ ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ሦስት ወታደር አስከትሎ መጣ። መዝገቡን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ።

«‹ሦስት ሰማያዊ፤ ጭን፤ ትኩሳት የለም።› ይሄ ሰው ነው ጥልፍ?»

«ሰው ነው።»

«ስሙ?»

«አላውቅም።»

«በእጅሽ እያከምሽው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«እንዳልነግርህ።»

ሃምሳ አለቃው ወደኔ ዞረ። «እማማ፣ ክሩን ያሰሩት እርስዎ ነዎት? ስማቸውን ያውቃሉ?»

ኮሌታውን አየሁት። «እኔማ ልጄ፣ የማውቀው ሸሚዛቸውን ነው። ያንተም ኮሌታ ቆሽሿል፤ አውልቅና አጥብልሃለሁ። ክርህን ግን ራስህ ምረጥ።»

አንዱ ወታደር ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሃምሳ አለቃው መዝገቡን በብብቱ ያዘ። «ነገ ጠዋት መኪና ይዤ ሁሉንም ካልጋቸው አነሳለሁ። አንቺም ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

እንደወጣ ሲስተር፣ «እትዬ፣ ዋሸሽ» አለችኝ።

«የማልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አልማልኩም።»

ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚወሰድ ፋሻና ክኒን በጨርቅ ቋጠረች። ቋጠሮዎቹን ለኔ ሰጥታ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞረችና ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ዘበኛው ቤተሰቦቻቸውን በጓሮ በር አስገባ። እኔ እያንዳንዱን በስሙ፣ በጆሮው፣ በሹክሹክታ ጠራሁ። ሁለቱ በቃሬዛ፣ ሌሎቹ በሰው ትከሻ እየተደገፉ ወጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አንዱም አልጋ ባዶ ነበር፤ አንሶላውን ለወጥኩት።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው «የት ሄዱ?» ሲላት፣ «አላውቅም፤ ግድግዳ እያየሁ ነበር» አለችው። እውነቷን ነው። በአርባ ስምንት ሰዓት ከአገር እንድትወጣ ተፈረደባት። ያልላከችውን ደብዳቤ ሁሉ ወሰዱባት። ሻንጣዋን የተሸከመላት ዘበኛው ነው፤ ያን ቀን አልተረተባትም።

መኪናው በር ላይ ሲጠብቃት እጄን ያዘች። «እትዬ፣ አንድ ቀን፣ ሰው ስሙን የማይፈራበት ቀን ሲመጣ፣ ስማቸውን ንገሪኝ። በራስሽ እጅ ጽፈሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ፊደል መቁጠሬ ነው?»

«ቶሎ ቶሎ ተማሪ» አለችኝ።

ቶሎ ቶሎስ አልሆነልኝም። ኀምሳ አራት ዓመቴ ነበር። የማታ ትምህርት ቤት ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ፤ «አያቴ፣ እርሳሱን እንደ ልብስ አትጭመቂው» ትለኝ ነበር። ጨመቅኩት። አንደኛ ክፍልን ሁለቴ ደገምኩ። ስድስት ዓመት ሲሞላ፣ አዛዦቹም ከወረዱ በኋላ፣ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ሰላምታ አላበዛሁም። አሥራ አንድ ስም ከነአባቱ፣ በየስሙ ፊት ከነቀለሙ ክሩን ሰፍቼ በሚሲዮኑ በኩል ላክሁላት።

መልሷ በሁለት ወር መጣ። ምስጋናም እንባም የለበትም። ስሞቹን አንድ በአንድ በራሷ እጅ ገልብጣ፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋለች፦ «የሁለት ቀይ ግራ ክንድ ይታጠፋል?»

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር የከፈተልኝ ልጁን በግራ ክንዱ ታቅፎ ነው። ገብቼ ሳልቀመጥ ወረቀት ጠየቅኩት።