ግድግዳ የማይበቃው ፎቶ

ሬሕማ ፎቶ ማሳነስ አትወድም። ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ በፊት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ ሠርግ የደገሰ የወሎ ሰው ሁሉ ይህን ጠባይዋን ያውቃል፤ ያልተናደደባትም ጥቂት ነው። የሙሽራው ፎቶ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አንሶላ ላይ ሲበራ የሚታየው ግንባሩና አንድ ቅንድቡ ነው። የቀረው ሙሽራ ከአንሶላው ውጭ ወደ ጣሪያውና ወደ ጎረቤት ግቢ ፈሶ ይቀራል።

የሐርቡ ልጅ ናት። በመተማ በኩል ገብታ፣ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ሲት ኢቅባል የሚሏቸው ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቤት ተቀጠረች። ሲት ኢቅባል ሲቆጡም ሲሰጡም አያስቡም። አንድ ቀን ዕቃ ቤቱን ሲያስጠርጉ፣ ሱዳኖች ዳታ ሾው የሚሉትን፣ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚያበራውን ዕቃ አገኙትና ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ሬሕማ እጅ ላይ ጣሉት።

"ያላ፣ ውሰጂልኝ! ባየሁት ቁጥር ሳስተምር ያንቀላፉብኝ ተማሪዎች ትዝ ይሉኛል።"

ሬሕማ ዕቃውን ባጃጅ በሚመስለው ረክሻ ጭና ሐጅ ዩሱፍ ወደተከራየችው ክፍል ወሰደችው። የሚሞከርበት ፎቶ ስታስብ አንድ ብቻ መጣላት፤ ከአገር ስትወጣ የያዘችው የእናቷ ጉርድ ፎቶ። እናቷ የሞቱት እሷ ካርቱም እያለች ነው። ፎቶዋን ኮፒ ቤት ወስዳ ላፕቶፑ ላይ ስታስገባ ሰውየው "ምን ያህል ላተልቀው?" ቢላት "ማሽንህ እስኪደክመው" አለችው።

አርብ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ዳታ ሾውውን አበራች። ፎቶው ከሚበራው ቦታ እጅግ ስለሚበልጥ ግድግዳው ላይ የመጣው የእናቷ አንድ ዓይንና ጉንጫቸው ነበር። ከዓይናቸው ሥር ሬሕማ አይታው የማታውቀው ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አየችው።

ጎረቤቷ ሉጥፊያ ሽንኩርት ልትበደር በሩን ከፍታ ገባች።

"ቢስሚላህ! የማነው ይሄ ዓይን?"

"የእናቴ።"

"ሌላውስ?"

"ሌላው አልገባም።"

"ታዲያ አሳንሻቸውና ሙሉ እንያቸው እንጂ!"

"ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቦታ ሲለቁ ነው የኖሩት" አለች ሬሕማ። "አሁንስ እንደልባቸው ይንሰራፉ፤ ተያቸው።"

ሉጥፊያ ሽንኩርቱን ረስታ ወጣች። በማግስቱ ወሬውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው፤ ሰንበት ብሎም ሬሕማ ለሠርግ ትጠራ ጀመር። መጀመሪያ የሠራችው የሙስዐብን ሠርግ ነው። የሙስዐብ እናት የልጃቸውን ግንባር ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው ተነሡ፤ "እኔ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት ግንባር ነው እንዴ?" ብለው ጮኹ። ድግሱ በሳቅ ተናጋ። ሬሕማ አፈረች፤ ግን አላሳነሰችም። ይልቅ ላፕቶፑን ስትጎረጉር ከርማ ፎቶው አንሶላው ላይ ቀስ እያለ እንዲያልፍ ማድረግ ተማረች። ከአንዱ ጫፍ ይጀምርና፣ ሰው በሐፍላ አውቶቡስ መስኮት ሰፈር እንደሚያይ፣ ጫማውን፣ ቀሚሱን፣ ጌጡን፣ ፊቱን በየተራ ያሳያል። ሰው ወደደላት። የአክስቱን የወርቅ ጥርስ በክንድ ልክ ያየ ሁሉ ለራሱም አማረው።

ሐጂ በሽርንም አማራቸው። ሐጂ በሽር የዱቄት ነጋዴና የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሆዳቸው ቀድሞ ይገባል፤ ቀጥሎ ሳላቸው፤ ከዚያ እሳቸው። የታመመ ሲጠይቁ ብርድ ልብስ ይዘው ይሄዳሉ ይባላል፤ ፎቶ አንሺ መያዛቸው ግን እርግጥ ነው። ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የበጎ ሥራቸውን ፎቶዎች ሬሕማ እንድታሳይ አዘዙ።

ሬሕማ ፎቶዎቹን ቤቷ ግድግዳ ላይ ስትሞክር አንዱ ላይ ደርሳ ቆመች። ማዮ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ምስኪን ወገን አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ሐጂ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብስ ያለብሱታል። የበሽተኛው ፊት ተሸፍኗል። ፎቶው በስልክ ሲታይ እንባ ያመጣል። በግድግዳው ልክ ሲሆን ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ሾልኮ የወጣ እግር ይታያል። እግሩ ላይ ሱዳኖች መርኩብ የሚሉት ጫማ አለ፤ ያውም በነብር ቆዳ የተሠራ።

እንዲህ ያለ መርኩብ ያለው ከኛ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የሐጂ በሽር የሚስት ወንድምና ሹፌር ሳዲቅ። ኦምዱርማን አሠርቶት ሰፈሩን ሁሉ አሳይቷል። ለሶላት ካልሆነ አያወልቀውም፤ ያን ጊዜም ይሰረቃል ብሎ አንድ ዓይኑን ይተውለታል። ለፎቶ ታመም ሲሉትም ከነመርኩቡ ታሟል።

ሬሕማ ብቻዋን ሳቀች፤ ቀጥሎ ፈራች። ለሐጂ ደወለች።

"ሐጂ፣ ይቺ የማዮዋ ፎቶ ስትተልቅ አታምርም። አነስ ብትልስ?" በሕይወቷ ፎቶ እናሳንስ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

"ምን ሆነች?"

"እግር ይታያል።"

"የማን እግር?"

"የ... የበሽተኛው።"

"ታዲያ በሽተኛ እግር የለውም? ስሚኝ ልጄ! ለሙስዐብ ግንባር ግድግዳ ሙሉ ሰጥተሽ፣ እኔ ጋ ስትደርሺ ቦታ ጠበበሽ? የኔ ከሁሉም ይተልቅ! በር ላይ የቆመው ሁሉ ይየኝ።"

"ኢንሻአላህ" አለች ሬሕማ። እንደታዘዘችው ከሁሉም አተለቀችው።

ስብሰባው አርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ አንድ አዳራሽ ነበር። ከሶባም ከማዮም ሰው በሐፍላ መጣ። መጋረጃው ተዘጋ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ሳዲቅ አጠገባቸው እግሩን በእግሩ ላይ ሰቅሎ፣ መርኩቡን ለሕዝብ እያሳየ። ሬሕማ ከህረባው፣ መብራቱ፣ እንዲጠፋ ዱዓ አደረገች። በየቀኑ መብራት የሚጠፋባት ከተማ የዚያን ቀን ቦግ እንዳለች ዋለች።

የማዮው ፎቶ መጣ። መጀመሪያ የአልጋው ብረት ብቻ ታየ። ከዚያ ቀስ እያለ ነብሩ አንሶላው ላይ ወጣ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ድፎ ዳቦ ያህላል።

ሰው አንሶላውን አየ፤ ሳዲቅን አየ፤ እንደገና አንሶላውን አየ። ሳዲቅ እግሩን ከወንበሩ ሥር ለመደበቅ ሲጣደፍ አንደኛው መርኩብ ወልቆ ወለሉ መሃል ላይ ቀረ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ሉጥፊያ ከኋላ። "በሽተኛው ድኖ እግሩን አንቀሳቀሰ!"

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። ሰው በሳቅ ከወንበር ወደቀ። ሐጂ "አጥፊው! አጥፊው!" እያሉ አንሶላው ፊት ቢቆሙ ብርድ ልብሱ ሆዳቸው ላይ በራ። ሬሕማ ተጣድፋ ያልሆነ ቁልፍ ነካችና ፎቶው ተመልሶ ከመርኩቡ ጀመረ።

ሳቁ በረድ ሲል ፅዮን የምትባል፣ ማዮ ልብስ እየሰፋች የምትኖር የጎንደር ልጅ ተነሣች። እሷ አልሳቀችም።

"ሐጂ፣ እኔ ማዮ ነኝ" አለች። "የታመመ ሰው ከቸገርዎት እኮ አበድርዎት ነበር። የፈለጉትን በር ያንኳኩ፤ አንድ አያጡም። ጎረቤቴ ሚልዮን ከግንባታ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ጫማም የለውም።"

ሐጂ ላባቸውን ጠርገው "እመጣለሁ" አሉ፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

በሚቀጥለው አርብ መጡም። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መኪናቸው ማዮ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሳዲቅ መርኩቡን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ገፋ። ሬሕማም ከሉጥፊያ ጋር ልታይ ሄዳ ስለነበር አብራ ገፋች። ሐጂ አይተዋት አላባረሯትም።

ሚልዮን ቤት ፎቶ አንሺ አልነበረም። ሐጂ ብርድ ልብሱን ሰጡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ካሜራ ቢኖር የትኛው እጅ የት እንደሚሆን ያውቁበታል፤ ያለ ካሜራ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። በመጨረሻ፣

"ልጄ፣ ምን ላድርግልህ?" አሉ።

"ራዲዮኑን ከፍ ያድርጉልኝ" አለ ሚልዮን። "ኳስ ነው።"

ከፍ አደረጉለት። ጨዋታው እስኪያልቅ አብረው ሰሙ፤ ሐጂ ስለ ኳስ ምንም አያውቁም፤ ጎል ሲገባ ግን ከሚልዮን ቀድመው ጮኹ።

ማኅበሩ ሐጂ በሽርን እንደገና ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ፤ ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አልተገኘም። የታመመ መጠየቁን ግን ማኅበሩ ለፅዮን ሰጠ። ስልኳ ካሜራ የለውም።