በዴሳ ላይ ያቆየኋት አስተማሪ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ዘክዝኬ እዚህ ላይ ስደርስ ምራቄን ውጬ አልፋለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወላይታ ውስጥ በበዴሳ ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ጠጋኝነቱ ሽፋን ነው፤ ሥራዬ ስለላ ነበር። የተላክሁት መንግሥትን የሚወቅስ ወረቀት በድብቅ የሚበትነውን ሰው እንዳገኝ ነው። አራት ወር ሙሉ ከሬዲዮ በቀር የፈታሁት ነገር አልነበረም። ከመሃል አገር የመጣው አለቃዬ ተበሳጭቶ፣ «ከእንግዲህ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አለኝ።

አቶ ሻንካ የሚባሉ ገበሬ ደንበኛ ነበሩኝ። አንድ የገበያ ቀን ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ መጥተው ስንጫወት፣ «ወረቀቷን ያመጣችው ቲቸር ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። በትምህርት ቤቱ የነበረችው ሴት አስተማሪ አንድ ብቻ ናት፤ ቲቸር አልማዝ። ያንኑ ቀን ስሟን ጽፌ ላክሁ።

ቆይ፣ አሁንም እየሸሸሁ ነው። ሰውየው በዚያው አፋቸው፣ «በሬዬ አልበላም አለች፤ ሚስቴ ግን ደህና ነው» ብለውኛል። እኔ ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በቤቱ ወላይትኛ የሚናገር ሰው አማርኛ ላይ ሲመጣ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እንደሚያደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስቄበታለሁም። ያቺ «ቲቸር» ወንድ ልትሆን እንደምትችል አላወቅሁም? አውቄያለሁ። አለቃዬ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ «እርግጠኛ ነኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን? ፊቱ ባዶ እጄን መቆም ስላስጠላኝ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቲቸር አልማዝ ለጥገና የሰጠችኝን ሬዲዮ ልትወስድ መጣች። የሚወስዳት መኪና እስኪደርስ አቆያት ተብያለሁ። ሬዲዮው ከተሠራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ከፊቷ ፈታሁት። ብሎኑን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ መልሼ አሰርኩ፣ እንደገና ፈታሁ።

«ክፍለ ጊዜ አለብኝ፣ ነገ ልምጣ?» አለችኝ።

«አሁን ያልቃል፣ ተቀመጪ» አልኳት።

አምናኝ ተቀመጠች። ሁለት ሰዎች ገብተው ክንዷን ሲይዟት ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሰባት ወር ታሰረች፤ ሥራዋንም አጣች። ወረቀቱ ግን እሷ በታሰረች በሳምንቱ እንደ ልማዱ ተበተነ። አለቃዬም እኔም አይተን ዝም አልን። «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ምን ያቅታል? እኔን ሰባት ወር ሙሉ አቃተኝ። ይህ ያናድደኛል፤ ዛሬም በራሴ ላይ ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ከዓመታት በኋላ ከአረካ ወደ ሶዶ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ደነገጥኩ። እሷ ግን እጄን ይዛ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ጊዜ ከሱቅህ ሲወስዱኝ፣ በኔ የተነሳ አንተንም አንገላትተውህ ይሆን? እስር ቤት ሆኜ እሱ ያሳስበኝ ነበር» አለች።

መናገር ነበረብኝ። ሶዶ እስክንደርስ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን «ትንሽ አንገላትተውኛል» አልኳት።

«በኔ ምክንያት ነው፣ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

እኔ፣ ያሳሰርኳት ሰው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።