የእህቴ ጥርስ የተነቃነቀ ጊዜ

ትናንት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ፣ ጥርሷ ላይ ብረት ያሰረች ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች አለፈች። አፏን በእጇ አልሸፈነችም። ባጃጁ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እህቴ ሰላማዊት ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም።

የእሷ የላይ ጥርሶች ወደ ፊት የወጡ ነበሩ። ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናቸዋለች። አባታችን አዲስ አበባ ወስዶ ብረት አሳሰረላት። ብረቱ ሌላ ሽቦ ነበረው፤ ከአፏ ወጥቶ ጉንጮቿን ይዞራል፣ ማጅራቷ ላይ በማሰሪያ ይያዛል። ሲመሽ ታጠልቀዋለች፣ ሲነጋ ታወልቀዋለች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ አንድ ማታ አይተዋት፣

«ያ ዋቃ፣ ያንተ ያለህ! በቅሎ እንኳ ሲመሽ ልጓሟ ይወልቅላታል። አንቺ ሲመሽ ነው የምትለጎሚው?» አሉ።

ሳቀች። በነጠላዋ ሸፍና።

በዚያ ክረምት በጸጥታው ችግር የአዲስ አበባ መንገድ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። አንድ ማታ አንጮቴ እየበላን ድንገት አቆመች። አንጮቴ እንደ ድንች የሚቀቀል ሥር ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ለብረቱ ይመቻል።

«ተነቃነቀ» አለችኝ። «የፊቱ። ሊወልቅ ነው።»

እናቴ በጣቷ ነካችው። እውነትም ይንቀሳቀሳል።

«ጣይው ይሄን ብረት! እግዜር የሰጠሽንም ሊያሳጣሽ ነው» ብላ አለቀሰች።

ብታወልቀው ጥርሷ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ባታወልቀው ይረግፋል ብለን ፈራን። በማግስቱ የሄድንበት ክሊኒክ «እኛ መንቀል ነው የምንችለው» አለን። እህቴ አፏን ገጥማ ወጣች። ከዚያ ምግብ እምቢ አለች።

ከከተማ ወጣ ብሎ ጉቴ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ስልክ አልፎ አልፎ ይሠራል ሲባል ሰማንና ሁለታችን ሄድን። ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ ወጣን። ዝናብ። ብረቱን ላሰረላት ዶክተር ደወልኩ፣ ደወልኩ። እምቢ አለ። እህቴ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጠች።

«ተወው በቃ፣ አቡሽ። እንደ ጥንቴ ብሆን ይሻለኝ ነበር።»

እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ስልኩ ጠራ። ዶክተሩ ጩኸቴን ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ።

«ካልተነቃነቀማ እንዴት ወደ ቦታው ይሄዳል? እየሠራ ነው በላት።»

አላመነችኝም። ስልኩን ነጥቃ ራሷ ጠየቀችው። ስንወርድ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት ይጠበሳል። ብረቱ አያስበላትም፤ ቆማ አሸተተችው።

ጥርሷ ተስተካከለ። መሸፈኑንም ተወች።

ያኔ ደኅናውን ነገር ፈርተን ኮረብታ ወጣን፣ ጮኽን፣ የሚመልስልን ድምፅ አገኘን። የመጨረሻ ጊዜ ሆዷን ሲያማት ግን መንገዱም ክፍት ነበር፣ ስልኩም ይሠራ ነበር። «ምንም አይደል፣ ያልፋል» ብላ ሳቀችልን። ሳቋ ያምር ነበር። አመንናት።