በፈረስ የተሸለመ ሐር

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ቡቲክ ገብቼ፣ ሻጩ ልጅ «ማዘር፣ ኦርጅናል ሐር ነው!» ብሎ ሻርፕ ዘረጋልኝ። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፤ በመኪና የተሰፋ ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ የሰጡትን ይሸጣል። አመስግኜው ወጣሁ።

ጠርዝ መዳሰስ ያስተማረችኝ ሐናዲ ናት። ካርቱም፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር፣ በሰው ቤት ስሠራ የቤቱ ትልቋ ልጅ እሷ ነበረች፤ እኩያዬ። ከሰዓት በኋላ የአቧራው ነፋስ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ፓሪስ የምትኖረው አክስቷ የምታመጣላትን ሻርፖች አልጋ ላይ ዘርግታ ታስረዳኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እንደሚታተም፣ ጠርዙ በእጅ ተጠቅልሎ በሐር ክር እንደሚሰፋ፣ ሐር ጥንት ከቻይና በግመል ሲመጣ የነገሥታት ብቻ እንደነበር። እኔ የምወደው ልጓምና ኮርቻ የተሳለበትን ቀዩን ነበር። «በኛ አገር ፈረስ በሐር ይሸለማል፤ እናንተ ሐሩን በፈረስ ሸለማችሁት» ብያት በሳቅ ፈርሳለች።

ሠርጓ ሲቃረብ ቀዩን ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «ያንቺ ነው። ሠርጌ ላይ ትለብሺዋለሽ፤ ኡኽቲ አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ። ኡኽቲ፣ እህቴ ማለቷ ነው። አገር ቤት እህት አልነበረኝም፤ አመንኳት።

የሠርጉ ዕለት ግቢው የጥብስና የሰንደል ሽታ ብቻ ነበር። ቀዩን ሻርፕ ለብሼ የከርከዴ ትሪ ይዤ ሳልፍ፣ ለሠርጉ ከፓሪስ የመጣችው አክስቷ የሻርፑን ጫፍ ያዘችው። ጠርዙን አገላብጣ አየችና ወደ ሙሽራዋ ዞረች።

«ይሄ እኔ ያመጣሁልሽ አይደለም?»

ሐናዲ አየችኝ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የአክስቷን ስጦታ ለሠራተኛ ሰጠች መባሉ ግን አሳፈራት።

«ወላሂ፣ ጠፍቶብኝ ስፈልገው ነበር» አለች።

በአላህ ስም ማለችብኝ። አክስትዬዋ ሻርፑን ከራሴ ላይ ገፈፈችው፤ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ከበሮ መቺዎቹ ወንዶች ሳይቀሩ፣ ባዶ ራሴን አዩኝ። «ሐራሚያ! ሌባ! ያላ፣ ውጪ!» አለችኝ የሐናዲ እናት። እናቴ የሰው ወርቅ አያደምቅም ትል ነበር፤ የኔ ግን የሰው አልነበረም፣ ተሰጥቶኝ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በነጠላ ጫማ ወጥቼ በአውቶቡስ ኦምዱርማን፣ የአገሬ ልጆች ዘንድ ሄድኩ።

አሁን ካርቱም በጦርነት ፈርሳለች፤ ሰዎቿም በመተማ በኩል ወደኛ ተሰደዋል። ሐናዲ ደጄ ብትመጣ እከፍትላታለሁ፣ አበላታለሁ፣ አልጋዬንም እለቅላታለሁ። ጎረቤት «ምንሽ ናት?» ብሎ ቢጠይቀኝ ግን «እህቴ ናት» የምልበት አፍ የለኝም።