አስካለን ያላናገራት ድረ ገጽ

ከሐረር የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል፣ እንደ ሌባ ነው። ከዋዜማው የግቢያችንን በር ማጠፊያ ዘይት ቀብቼው ነበር። ታናሽ እህቴ አስካለ ዓይነ ስውር ናት፤ ያ በር ሲጢጥ ካለ ትነቃለች፣ ከነቃች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ እኔ አልሄድም። ኖርዌይ ያለው ልጄ ወረቀቱን ጨርሶልኛል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ፤ ያጠለቅሁት ሸዋ በር ስደርስ ነው።

ሸዋ በርን የሚያውቅ እኔን ያውቃል። የፀጉር ቤቱም፣ የሻይ ቤቱም፣ የልብስ ሰፊውም ሰሌዳ የእኔ እጅ ነው። ማንም አላስተማረኝም። እዚህም መጥቼ፣ ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝህ ዞሮ ግድግዳ በሚያይበት አገር፣ የባቢሌን ኦቾሎኒ በለመደ አፌ ሳሙና ሳሙና የሚል ኦቾሎኒ እየቆረጠምኩ፣ በሰባ ዓመቴ ድረ ገጽ መሥራት በራሴ ተማርኩ።

የሠራሁት እዚህ ላለው የሐረር ልጆች ማኅበር ነው። የሞተ የኮምፒውተር ፊደል አልተጠቀምኩም። እያንዳንዱን ገጽ በብሩሼ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። ያየ ሁሉ አደነቀ። አንዱ ገጽ ለአስካለ ነበር። በዕድሜዬ ከአፌ ወጥቶ የማያውቀውን «ይቅር በይኝ» እዚያ ጻፍኩት። ስልኳ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ደውዬ ስጠይቃት «አነበብኩት ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ይቅር እንደተባለ ሰው ኖርኩ።

በቀደም ገጻችን ከማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ጋር እንዲያያዝልን ልጠይቅ ሄድኩ። እነሱ ኮሙኔ ይሉታል። ሠራተኛዋ ለዓይነ ስውራን የሚያነበውን ፕሮግራም ከፈተችው። «ቢልደ» አለ፤ ምስል ማለቱ ነው። ወደ ታች ወረደች። «ቢልደ።» እንደገና «ቢልደ።»

«ዓይነ ስውር ሰው ይህን እንዴት ያነበዋል?» አለችኝ።

«ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ስጽፍ፣ አላነበብኩትም ብሎ የከሰሰኝ ዓይነ ስውር የለም።»

«የሚከስበትን አድራሻም በምስል ጽፈውት ይሆናላ።»

ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ማሽን የሚያነበው ጽሑፍ ካልገባ አንቀበልም አለች። ጥርሴን ነክሼ ቤቴ ገባሁና ደወልኩ።

«አስካለ፣ ስልክሽ የእኔ ገጽ ላይ ምን ይልሻል?»

«ምስል ይላል፣ ጋሼ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምስል።»

«ታዲያ ለምን አነበብኩት አልሽኝ?»

«የኮሩበትን ነገር ከእጅዎ ልንጠቅ? ሰው ሁሉ ያምራል ሲል ሰማሁ፤ እኔም ያምራል አልኩ።»

በዚያው ሳምንት በዚያ በሞተ ፊደል፣ በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ፣ ሁሉንም ጻፍኩት። ቀድሜ የጻፍኩት የእሷን ነው። በማግስቱ ራሷ ደወለች።

«ማሽኑ አነበበልኝ» አለች። «በአፍንጫው ነው የሚናገረው። እርስዎ በአፍዎ ቢሉትስ?»

«መስመሩ ይቆራረጣል» አልኳት። አይቆራረጥም ነበር።

«ማጠፊያውን ዘይት የቀቡት ዕለት እኮ ሽታው ነግሮኛል። ተኝቼ አልነበረም፤ አልቅሼ እንዳላስቀርዎት ነው አንሶላ የነከስኩት። ከዚያ ወዲህ ዘይት አላስነካሁትም። ድመት ብትገፋው እንኳ ይሰማኛል።»

በስልኩ ውስጥ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

«ማነው?» ብላ ተጣራች። ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች። «ንፋስ ነው፣ ጋሼ።»